የረዲ ዱአ

አምቦ ተወልዶ ኦሮምኛ አልሰማም የሚለኝን ሰው አላምነውም። እኔ ቁመቴ ለሱቃችን ባንኮኒ ሳይደርስ በሦስት ቋንቋ እሳደብ ነበር፤ ቤት ውስጥ በስልጥኛ፣ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ፣ በጓሮ አጥር ቀዳዳ ደግሞ በኦሮምኛ። እናቴ፣ ከሪማ ትባላለች፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ይቺ ቀድሪያ ምላሷ ሬዲዮ ነው፤ የፈለጋችሁት ጣቢያ ላይ አዙሯት" ትል ነበር። ሰው ይስቃል፣ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ እኔም እውነት ይመስለኛል። ጣጣው ሁሉ የመጣው እንግዲህ ከዚሁ ነው።

ቤታችን ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ገበያ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። ከፊት የአባቴ የፈዲሉ ሱቅ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይሸጥበታል። ከኋላ እኛ እንኖራለን። ከጓሯችን አጥር ወዲያ የኦቦ ቀንዓ ቤት ነው። ኦቦ ቀንዓ አስተማሪ ነበሩ። ሚስታቸው አዴ ባየሽ የእናቴ ወዳጅ፣ ልጃቸው ሲንቄ የኔ እኩያ፣ አያት ለማለት አኮ የምንላቸው እናታቸው አኮ ደብሪቱ ደግሞ ከአማርኛ "እሺ" ከሚለው በቀር ምንም የማያውቁ አሮጊት ነበሩ። የአጥሩን ቀዳዳ መጀመሪያ የበሳው ታላቅ ወንድሜ ረዲ ነው፤ ያሰፋነው ግን እኔና ሲንቄ ነን። ረዲ ከእኛ ቤት ይልቅ አዴ ባየሽ ቤት ይበላ ነበር። የገብስ ዱቄት በቅቤ አድርጋ ጩኮ ስታሽ ሽታው ከየትም ይጠራዋል። "ኢልመኮ" ትለዋለች፤ ልጄ ማለቷ ነው።

ረዲ በሰማንያ ዓመተ ምህረት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የጫናቸው መኪና ሲነሳ አዴ ባየሽ አቧራው ላይ ተንከባለለች። ስሙን እየጠራች፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ሁለት ሴቶች እንኳ ይዘው ሊያነሷት አልቻሉም። እናቴ ደግሞ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ብቻ አነሳች፤ ከዚያ ወደ ሱቅ ተመልሳ ሰው ማስተናገድ ጀመረች። ያን ቀን ረዲን ከእናቴ ይልቅ አዴ ባየሽ ትወደዋለች ብዬ ወሰንኩ። ለእናቴ አዘንኩላት። እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳ አንዲት ጠብታ እንባ የማይወጣት ሰው በሽተኛ ነበር የሚመስለኝ።

የእናቴና የአዴ ባየሽ ኩርፊያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአዴ ባየሽ አባት ኦቦ አመዩ በወንጪ መንገድ ካለው ገጠር ቤታቸው ሞቱ። እናቴ መርዶውን እንደሰማች ስኳርና ዱቄት አስይዛ እኔን አስከትላ ሄደች። ከመኪና ወርደን ብዙ በእግር ተጓዝን። ስንደርስ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ፈረሶች አጥሩ ጋ ታስረዋል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ አንዷ የሟቹን ሙያ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አዴ ባየሽ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ጉንጯ ተቧጥጦ መሃል ላይ ነበረች። እናቴን ስታይ ሰዉን ጥሳ መጣችና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ "አባኮ! አባኮ!" እያለች ጮኸች።

እናቴ አልጮኸችም። ትከሻዋን ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት፣ አጠገቧ ተንበረከከች፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት።

"በቃ ባየሽ" አለቻት። "ሰብር አድርጊ። አታልቅሺ፤ የሰጠው ወሰደው።"

አዴ ባየሽ ቀጥ አለች። ለቅሶዋ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ እናቴን አየቻት። ሙሾ የምታወርደዋም ዝም አለች። እኔ በእናቴ ኮራሁ፤ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ጸጥ አሰኘችው አልኩ። ከዚያ ግን አዴ ባየሽ ፊቷን አዞረች፣ እስክንሄድም አላናገረችንም። ምን አጠፋን ብዬ ሳስብ ሳስብ መልሱን አገኘሁት፤ ሻሹ ነው። እናቴ ላምባ ስትቀዳ እጇን የምትጠርገው በዚያ ሻሽ ጫፍ ነበር። ሰው አባቱ ሞቶበት በላምባ ፊቱን ሲያሹት ይቆጣል እንጂ ምን ያድርግ!

ቤት እንደገባን ሻሹን ሰርቄ ሁሉቃ ወርጄ በሳሙና አጠብኩት። አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረስኩበት። እናቴ ሻሹንም ሳሙናውንም ፈልጋ ስታገኘኝ ቆነጠጠችኝ። ለሰላም ብዬ እንደሆነ ማን ይነግራታል?

አዴ ባየሽ ከገጠር ስትመለስ ቦኖ ውሃ ላይ ለተሰበሰቡት ሴቶች "ከሪማ አባቴን ልትቀብርልኝ አልመጣችም፤ አፌን ልትዘጋኝ ነው የመጣችው" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንስራው ሳይሞላ ወሬው እኛ ሱቅ ደረሰ።  እናቴ ከሰዓት ላይ የቆርቆሮ ቁራጭና ሚስማር ይዛ ጓሮ ወጣችና የአጥሩን ቀዳዳ ደፈነችው። እኔና ሲንቄ በቆርቆሮው ግራና ቀኝ ቆመን በሚስማሩ ቀዳዳ በአንድ ዓይን ተያየን።

ነገሩ የገባኝ ራሴ ልጆች ወልጄ ሰው መቅበር ስጀምር ነው። እናቴ ባደገችበት ቤት ሟች ላይ መጮህ ሟቹን ማስጨነቅ ነው። ያዘነን ሰው የሚወድ ሰው እንባውን ይጠርግለታል እንጂ አይጨምርበትም። አዴ ባየሽ ባደገችበት አገር ደግሞ አብሮሽ ያላለቀሰ ሰው አብሮሽ አላዘነም። እናቴ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ሄዳ ያላትን ደህና ነገር ነው የሰጠቻት። ለአዴ ባየሽ የደረሳት ግን በአገር ፊት "አፍሽን ያዢ" መባል ነው። ሁለቱም ተበድያለሁ ብለው ተኙ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ የረዲ ወሬ ጠፋ። በፊት በፊት አልፎ አልፎ በሹፌር ሰላምታ ይልክ ነበር፤ እሱም ቀረ። አንዱ ከረን ነው ይላል፣ አንዱ ትግራይ አየሁት ይላል። እናቴ አሁንም አታለቅስም። ሱቅ ውስጥ ግን ጨው ላለ ሳሙና፣ ሳሙና ላለ ክብሪት ትሰጥ ጀመር። ሰዉ ዝም ብሎ ይቀበላታል፤ በኋላ አባቴ ጋ መጥቶ ይለውጣል። እኔ እናቴ አማርኛ እየጠፋት መስሎኝ የዕቃዎቹን ስም በጆሮዋ እነግራት ነበር። አንድ ቀን "ይሄ ክብሪት ነው፣ እማ" ስላት ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

አባቴ አንድ ማታ እራት ላይ "ለልጁ ዱአ እናስደርግ" አለ። በግ ተገዛ። አክስቴ መርየም ከወሊሶ መጣች። ዓርብ ከስግደት በኋላ ወንዶቹ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሼህ አብዱልወሀብ ከመጀመራቸው በፊት፣ ልማዳቸው ነው፣ ከሰው የተጣላ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ በጓዳው በር በኩል እናቴን አየ። እናቴ ድስቱን አየች። ሼሁም ገባቸው መሰለኝ፣ ጎረቤት እንደተኳረፈ የሚደረግ ዱአ ገና ከአጥር ሳያልፍ ይደናቀፋል አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ እንዲያው የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት።

እናቴ ድስቱን አማሰለች። ጨው ጨመረችበት። ደግማ ጨመረችበት። ከዚያ ጠራችኝ። ለአዴ ባየሽ፣ ቤታችን ዱአ አለ፣ የረዲ ነው፣ እናቴ ኑ ብላለች ብዬ እንድነግራት ላከችኝ። "ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ" አለችኝ። እኔም አልጨመርኩም። ጉዱም ይሄው ነው።

በዋናው በር ዞሬ ሮጥኩ። አዴ ባየሽ ከቤቱ ጀርባ ልብስ ታጥባለች፤ ደጁ ላይ አኮ ደብሪቱ ብቻቸውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። አልፌያቸው መሄድ ነበረብኝ። ግን ለእኚህ አሮጊት መልእክቱን በራሳቸው ቋንቋ ባደርስ ምን ያህል እንደሚደነቁ ታየኝ። ኦሮምኛዬ የጨዋታ ኦሮምኛ ነው፤ ነይ፣ ሂጂ፣ የኔ ነው፣ ስጪኝ። ለመልእክቱ ግን ይበቃኛል። ቤታችን የሚለውን ተረጎምኩ፣ አለ የሚለውን ተረጎምኩ፣ የረዲ ነው የሚለውን ተረጎምኩ፣ ኑ የሚለውን ተረጎምኩ። ዱአን ብቻ እንዳለ ተውኩት። ዱአ ምን ትርጉም አለው? በስልጥኛም ዱአ፣ በአማርኛም ዱአ፣ በዓለም ሁሉ ዱአ ነበር የሚመስለኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ አልኳቸው፦

"መነ ኬኛ ዱአቱ ጂራ። ከን ረዲቲ። ኮታ።"

አኮ ደብሪቱ ጆሯቸውን አስጠጉኝ። የማን ነው አሉኝ በኦሮምኛ። "ረዲ" አልኳቸው ፈገግ ብዬ። ያን ጊዜ ባቄላው ከጭናቸው ላይ ፈሰሰ። አሮጊቷ ደረታቸውን መቱና በዚያ ዕድሜያቸው ይወጣል ብዬ ባላሰብኩት ድምፅ ጮኹ። አዴ ባየሽ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ከጀርባ መጣች። አማቷ አንድ ነገር አሏት። እሷም ነጠላዋን ከገመድ ላይ ጎትታ አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ በሩን ሳትዘጋ "ረዲኮ! ኢልመኮ!" እያለች ወደ መንገድ ወጣች። እግረ መንገዷን ሴቶች ከየቤታቸው እየወጡ ይከተሏታል።

እኔ ከኋላ ኋላ ሮጥኩ። ደስታዬን አልነግራችሁም። የነሱ ዱአ እንዲህ ነው ማለት ነው አልኩ። እኛ ቁጭ ብለን በሹክሹክታ "አሚን" እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ገና ከመንገድ ጀምረው በጩኸት ያደርሱታል። እንዲህ ያለውንማ አላህ ሳይሰማው አይቀርም ብዬ ልቤ ሞላ። ለወንድሜ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ የመጣሁት እኔ ነኛ!

ለቅሶው ቤታችን ሲደርስ ወንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱአው መሃል ላይ ነበሩ። እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። አዴ ባየሽን በር ላይ አየቻት። ወራት ሙሉ ደጃችንን ያልረገጠች ሴት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የረዲን ስም እየጠራች። እናቴ ምንም አልጠየቀችም። ምን ትጠይቅ? የተኳረፈ ሰው በዚህ ዓይነት የሚመጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማማሰያው ወደቀ፤ ቀጥላ እሷ ወደቀች። አዴ ባየሽም መሬት ላይ አቀፈቻት።

እናቴ ስታለቅስ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ድምፁ የሷ አይመስልም። ከሆዷ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ የሚሰበር ድምፅ ነው። በስልጥኛ ታለቅሳለች፣ አዴ ባየሽ በኦሮምኛ ትቀበላታለች። አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል፤ እጁን ማጠፍ የረሳ ይመስል ነበር። ያኔ ትንሽ ፈራሁ። ዱአው በዝቷል አልኩ በልቤ።

ኦቦ ቀንዓ ጠመኔ እጃቸው ላይ እንዳለ ከትምህርት ቤት ሮጠው ደረሱ። አባቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። መርዶውን ማን አመጣላችሁ አሉት። አባቴ ግራ ገብቶት አያቸውና እናንተ ናችሁ እንጂ፣ ባለቤትህ እየጮኸች አይደል የገባችው አለ። ኦቦ ቀንዓም እሷማ ከእናንተው ቤት ነው የተላከባት አሉ። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ከዚያ "ማን ተላከ?" ተባለ፣ የሰዉም ዓይን ወደ ጓዳው በር ዞረ። እኔ እዚያ ቆሜ ጉበት እበላ ነበር።

ኦቦ ቀንዓ አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ።

"ቀድሪያ፣ ለአኮ ምን አልሻቸው?"

ጉበቱን ዋጥኩና ያልኩትን ቃል በቃል፣ በጥሩ ኦሮምኛ ደገምኩላቸው። ፊታቸው ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ከዚያ በሩ ጥግ የነበረው የጨው ጆንያ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት ያቅታል።

"ሼህ" አሉ፣ "በኛ ቋንቋ እኮ ዱአ ማለት ሞት ነው።"

 አንዱ ሰውዬ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ። ሼህ አብዱልወሀብ ጺማቸውን ይዘው፣ አላህ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፣ የትኛውን እንደላክን አይጠፋውም አሉ። ያኔ አባቴ እጁን አጠፈ። ወንዶቹ ሳቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ አፍነው፣ በኋላ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ኦቦ ቀንዓ ከሴቶቹ ኋላ ለደረሱት ለአኮ ደብሪቱ ሲተረጉሙላቸው አሮጊቷ እኔን በከዘራቸው ሊነኩኝ ቃጡ።

መሬት ላይ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ግን አላቆሙም። አክስቴ መርየም እናቴን ልታነሳት ጎንበስ አለች። ስህተት ነው፣ ልጁ አልሞተም፣ የሞተ የለም፣ በቃ ሰብር አድርጊ አለቻት። እናቴ እጇን ገፋችው።

"ተዪኝ መርየም። አንዴ ይውጣልኝ።"

ከዚያ አዴ ባየሽን አየቻት። ሁለቱም ፊታቸው አብጦ፣ አንዷ ሻሿ ወድቆ፣ አንዷ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቆ።

"ባየሽ" አለች እናቴ፣ "ያን ቀን ይሄን ነው እንዴ የከለከልኩሽ? በአላህ፣ አላወቅኩም።"

"አሁን አወቅሽ" አለቻት አዴ ባየሽ። "በይ አልቅሺ።"

"አባትሽንም አላለቀስኩልሽም።"

 እናቴ ኦቦ አመዩን በስማቸው ጠርታ፣ በዚያው በስልጥኛ፣ ደረቷን እየነካች አለቀሰችላቸው። በሕይወት ሳሉ አንዴ ይሁን ሁለቴ ነው ያየቻቸው። አክስቴ መርየም ጉድ አለች፤ ሼሁ ግን እንዲተዋት በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ለረዲ የመጡት ሴቶችም ከመጡ አይቀር ለኦቦ አመዩ አለቀሱ። እኔ ዱአው መጀመሪያ ለረዲ ተደርጎ አሁን ለአዴ ባየሽ አባት ተራ ደረሳቸው ብዬ ተረዳሁት። እንዲያውም አሁን ሳስበው በዚህኛው ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሲበቃቸው ፊታቸውን ታጥበው ገቡ። ሼሁ ዱአውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አዴ ባየሽ እናቴን እያየች እጇን ዘረጋች፤ "አሚን"ን ከሁሉም ዘግይታ፣ ብቻዋን ትለው ነበር። ምግቡ ሲቀርብ ወጡ በጨው ብዛት አይቀመስም፤ ሁሉም ዝም ብሎ በላ። አኮ ደብሪቱ በልጃቸው በኩል አንድ ነገር አስነገሩ፤ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ነው ያሉት። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሃይማኖት የለም አለች፣ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ወዲያው ደግሞ ተመልሳ "ምን አሉ? እስቲ ድገሙልኝ" አለች።

በማግስቱ አባቴ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቆርቆሮውን ከአጥሩ ነቀለው።

ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ዓመት መጣ፣ ረዲ ግን የለም። አንድ ቀን በቀዳዳው ሾልኬ አዴ ባየሽ ጋ ሄድኩና ያንን የእናንተን ዱአ ድገሚልን አልኳት። የኛው ድምፁ ትንሽ ነው፣ አይደርስም መሰለኝ አልኳት። ብዙ አየችኝ። ያን ቀን ሁሉ ምን መስሎኝ እንደነበር ያኔ ነው የገባት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቃል። እሷ ግን ጉንጬን ይዛ "እሱንማ በየቀኑ አደርገዋለሁ፤ አንቺ ተኝተሽ ስለሆነ ነው የማትሰሚው" አለችኝ። አምኛት ሄድኩ። አድጌ ስጠይቃት ውሸት እንዳልነበረ ነገረችኝ፤ ጎህ ሲቀድ እየተነሳች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ለሱ ትጸልይ ነበር። ድምፅ ሳያሰሙ መጸለይን ከእናትሽ ተማርኩ አለችኝ።

መንግሥት ሲወድቅ፣ በሰማንያ ሦስት፣ ጦሩ ተበተነ። ሰኔን ሙሉ ወታደሩ በእግሩ በአምቦ ያልፍ ነበር፤ ወደ ወለጋ የሚሄደው፣ ወደ ጅባት የሚሄደው፣ የት እንደሚሄድ የማያውቀውም። እናቴ ዳቦ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ለሁሉም ትሰጣለች፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። ረዲ ፈዲሉን የሚያውቅ ግን አንድም አልተገኘም። በሐምሌ መንገዱ ጭር አለ፤ የሚመጣው ሁሉ መጥቶ ያለቀ መሰለ። አባቴ ከሰው ጋር መነጋገር ቀነሰ። እኔም አሥር ዓመት አልፎኝ፣ ዱአንም ሞትንም በሦስቱም ቋንቋ ለይቼ አውቄ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ለሴቶች ስኳር እየመዘነች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ አዴ ባየሽ በሱቁ በር ገባች። ሁልጊዜ የምትመጣው በጓሮ ነው። ያን ቀን በመንገድ ዞራ መጣች። ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ ነው የለበሰችው። ሰላም አላለችም። ባንኮኒው ጋ መጥታ ቆመች፣ አፏን ከፈተች፣ በእጇ ደግሞ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗ በእንባ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም።

ይህቺ ሴት እኮ ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል እንኳ ለሰፈሩ የምታውጅ ናት።  አለቀ አልኩ፤ ቁርጡን ሰምታ፣ ለእናቴ እንዴት እንደምትነግራት ጠፍቷት ነው ዝም ያለችው። የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። ስኳር ሊገዙ የመጡትም ሴቶች ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ አንዷ ቀስ ብላ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች።

እናቴ የስኳሩን መስፈሪያ አስቀመጠች። አዴ ባየሽን አየቻት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ፣ ነጠላዋን፣ አፏን የያዘችበትን እጇን። አልቸኮለችም። እጄን ከቀሚሷ ላይ አላቀቀች።

"ባየሽ" አለቻት፣ "ልጄ ሞቶ ቢሆን ድምፅሽ ካንቺ ቀድሞ ከድልድዩ ነበር የሚደርሰኝ። ዝም ብለሽ ከገባሽማ ልጄ አለ።"

አዴ ባየሽ በጭንቅላቷ አዎ አለች።

"የት ነው?"

"እኔ ጋ" አለች አዴ ባየሽ። "መኪና ተራ ላይ ተለቅሶልሃል ብለው ነገሩት። በድንገት ገብቼ እናቴን ባስደነግጣትስ ብሎ ፈርቶ፣ መጀመሪያ ንገሪልኝ ብሎ ላከኝ። ብጮህ ደግሞ ሌላ ይመስልሻል ብዬ…"

ቀሪውን እናቴ አልሰማችም። ባንኮኒውን ዞራ፣ ሴቶቹን ገፍታ፣ ሱቁን ለማንም ሳትተው ወጣች። እናቴን ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።